ትኩሳት የሌለው ኮሮና

እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካላት በሽታ ከ8,000 በላይ ሰዎችን ይዞ 774ቱን ገደለ። ያም ሆኖ ዓለም በሽታውን በጥቂት ወራት ገታው። ከዋነኞቹ መሣሪያዎች አንዱ ትኩሳት ያለበትን ሰው ፈልጎ መለየት ነበር። የሳርስ ሕመምተኛ ቫይረሱን በብዛት የሚያወጣው ከታመመ በኋላ፣ ይልቁንም በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ አብዛኛው ሰው አልጋ ይዟል። የሳርስ የቅርብ ዘመድ የሆነው አዲሱ ኮሮና ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ሲዛመት፣ አውሮፕላን ማረፊያውም ባንኩም መሥሪያ ቤቱም ያንኑ መሣሪያ አነሳ። በአዲስ አበባ በየሕንፃው መግቢያ ግንባር ላይ ይደገን የነበረውን የሙቀት መለኪያ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

አዲሱ ቫይረስ ግን እንደ ሳርስ አልሆነም። በአፍንጫና በጉሮሮ ውስጥ ቀድሞ ይራባል፤ በብዛት የሚገኘውም ምልክቱ በሚጀምርበት ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ኔቸር ሜዲሲን በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በሽታው ከተላለፈባቸው ሰዎች 44 በመቶ ያህሉ የተያዙት አስተላላፊው ገና ምልክት ሳያሳይ እንደሆነ ገምቷል። ሰውየው ቫይረሱ ከገባበት በኋላ ምልክት እስኪታይበት በአማካይ አምስት ቀን ያህል፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ሊያስተላልፍ የሚጀምረው ደግሞ ከመታመሙ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አስቀድሞ ነው። ትኩሳት ሰውነት ለቫይረሱ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ምላሹ ሊዘገይ፣ ሊደክም፣ ከነጭራሹም ላይመጣ ይችላል፤ ቫይረሱ ግን እሱን አይጠብቅም።

ትኩሳት የሌላቸው አስተላላፊዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ነገ የሚታመሙ፣ ከነጭራሹ የማይታመሙ፣ ታመው ግን ትኩሳት የሌላቸው። በእኔ ግምት ከሁሉ ይበልጥ የተዘነጋው ሦስተኛው ነው። በወረርሽኙ መጀመሪያ በቻይና 1,099 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ሆስፒታል ሲገቡ ትኩሳት የነበራቸው 43.8 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳየ፤ ቆይቶ ግን 88.7 በመቶው አተኮሳቸው። እነዚህ ሆስፒታል እስከ መግባት የደረሱ ናቸው። እቤታቸው የቀሩትን፣ «ትንሽ ጉንፋን ነው» ብለው ሥራ የሄዱትን ጥናቱ አይቆጥርም።

የጀርመኑ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። በጥር 2020 ከሻንጋይ ወደ ባቫሪያ ለስብሰባ የመጣች ሴት ቫይረሱን ለሥራ ባልደረቦቿ አስተላለፈች። በመጀመሪያ የወጣው ዘገባ ምንም ምልክት እንዳልነበራት ገለጸ፤ ዓለምም «ምልክት የሌለው ሰው ያስተላልፋል» ሲል ደነገጠ። ኋላ በስልክ ስትጠየቅ ግን ድካምና የጡንቻ ሕመም እንደነበራት፣ ፓራሲታሞልም እንደወሰደች ተናገረች። ፓራሲታሞል ትኩሳት ያወርዳል። በዚያች ሰዓት ግንባሯ ላይ መለኪያ ቢደገን ምን ሊያሳይ ኖሯል? በመጋቢት 2020 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የነበረ የመዘምራን ልምምድም እንዲሁ ነው፤ ጉንፋን መሰል ምልክት የነበረበት አንድ ሰው በተገኘበት ከ61ዱ ተሳታፊዎች 53ቱ ታመሙ፣ ሁለቱ ሞቱ።

ከነጭራሹ የማይታመሙት ጉዳይ ብዙ አከራክሯል። በጣሊያኗ ቮ ከተማ ነዋሪው በጅምላ ሲመረመር ቫይረሱ ከተገኘባቸው ሰዎች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ምልክት አልነበራቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 2020 ከእነዚህ ሰዎች መተላለፉ በጣም አልፎ አልፎ የሚከሰት መሆኑን ተናግረው፣ በማግሥቱ ማብራሪያ ለመስጠት ተገደዱ። ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ አንድ ግምገማ በቤተሰብ ውስጥ ምልክት ካለው ሰው የመተላለፉ መጠን 18 በመቶ ሲሆን፣ ምልክት ከሌለው 1 በመቶ እንኳ እንዳልሞላ አግኝቷል። አንድ በአንድ ሲታዩ ብዙ አያስተላልፉም ማለት ነው። ግን የሚያስነጥስን ሰው ሌላው ይሸሸዋል፣ እሱም ይተኛል፤ ደህና ነኝ የሚል ሰው ግን ገበያ ይወጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ታክሲ ይሳፈራል።

መለኪያውም ራሱ ችግር አለበት። የሚለካው የቆዳን ሙቀት ስለሆነ ፀሐይና ብርድ ያሳስቱታል፤ አረጋውያን በጠና ታመው እንኳ ትኩሳታቸው ከፍ ላይል ይችላል። መለኪያው በትክክል ቢሠራ እንኳ ገና ያልታመመን ሰው አይለይም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ፣ የ48 ዓመቱ ጃፓናዊ፣ የካቲት 25 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቡርኪና ፋሶ ገባ፤ በሽታው የተረጋገጠበት ግን መጋቢት 4 ነበር። በሽታው ሰውነት ውስጥ የሚደበቅበት ጊዜ ከየትኛውም በረራ ይረዝማል።

የማስክ ጉዳይም የመጣው በሽታው ጤነኛ ከሚመስል ሰው ስለሚተላለፍ ነው። የአሜሪካ በሽታ መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 2020 ጤነኛ የሚመስለውም ሰው እንዲሸፈን መከረ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሰፋ ያለ ምክር የሰጠው ሰኔ 5 ነው። ንክኪ ያላቸውን ሰዎች የሚፈልጉ ባለሙያዎችም ቆጠራቸውን ታማሚው ምልክት ካሳየበት ሁለት ቀን ወደ ኋላ ሄደው ይጀምሩ ነበር።

ዛሬ አብዛኛው ሰው በክትባትም በመያዝም የተወሰነ መከላከያ አግኝቷል፤ በሽታውም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጉሮሮ መከርከርና በንፍጥ ነው። ስለዚህ አረጋዊት እናቱን ሊጠይቅ የተነሳ ሰው ግንባሩን ከመዳሰስ ይልቅ ከትናንት ጀምሮ ጉሮሮውን ምን እንደሚሰማው ራሱን ይጠይቅ፤ ከተጠራጠረም ማስክ ያድርግ፣ መስኮቱንም ይክፈት።