መንሱራ ላይ የአንድ ሳምንት የቤት ትምህርት

የመን፣ ኤደን ከተማ፣ መንሱራ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ካቶሊክ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ልጁን ትምህርተ ክርስቶስ የሚልክበት ቁምስና በቀላሉ አያገኝም። በከተማዋ የነበሩት አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ2015 ጦርነቱ ሲበረታ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በዓመቱ፣ ማርች 4 ቀን 2016፣ ከመንሱራ አጠገብ ባለው ሼክ ዑስማን የማዘር ቴሬዛ ደናግል አረጋውያንን የሚጦሩበት ቤት ሲጠቃ አራት ደናግልና አብረዋቸው ያገለግሉ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ተገደሉ። ልጆቻችን እነዚህን ወጣቶች በጸሎታቸው ቢያስቧቸው ደስ ይለኛል። እንግዲህ አስተማሪው ወላጅ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ሳሎኑ።

በቤት መማር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ራስ መኮንን ልጃቸውን ተፈሪን (የኋላውን ዐፄ ኃይለ ሥላሴን) ሐረር ላይ ያስተማሩት አስተማሪ ቤት አስመጥተው ነው። ከአስተማሪዎቹ አንዱ በካቶሊክ ሚስዮን የተማሩት ኢትዮጵያዊው አባ ሳሙኤል ነበሩ፤ ከተፈሪ ጋር ያደገው ዘመዳቸው እምሩም የትምህርት ጓደኛቸው ሆነ። አባ ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ1915 ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥማ ሞቱ፤ ተፈሪ ግን ከዚያው አደጋ ተረፉ። ጥቂት ልጆችና አንድ የታመነ አስተማሪ ምን ያህል እንደሚያደርሱ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አልፈልግም።

ሳምንቱን ስናቅድ ከአገሩ አቆጣጠር እንነሳ። የመን ውስጥ የሥራና የትምህርት ሳምንት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው፤ ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ። ስለዚህ አምስቱን ቀን አጭር የቤት ትምህርት፣ ዓርብን ደግሞ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር የምንገናኝበት ቀን ማድረግ ይቀላል። ኤደን በበጋ ሙቀቷ ከባድ ነው፤ መብራትም ለሰዓታት ይጠፋል። ንባብና ጽሕፈት ገና በጠዋት፣ ከቁርስ በፊት ይሁን። ለትንንሾቹ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ከሁሉ አስቀድሜ ፊደልን አስቀምጣለሁ። ልጁ አማርኛ ካላነበበ ጸሎቱንም ወንጌሉንም በሌላ ሰው አፍ ብቻ ነው የሚያገኘው። የሀሁ ገበታ 33 ረድፍ ነው፤ በቀን አንድ ረድፍ ከሆነ በሰባት ሳምንት ያልቃል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ልጅ ረድፉን በዜማ ስለሚይዘው ያነበበ ይመስላል፤ ጣታችሁን መሐል ላይ «ቤ» ላይ ብታስቀምጡ ግን ከ«በ» ጀምሮ ቆጥሮ ነው የሚደርስበት። የቄስ ትምህርት ቤት ለዚህ መድኃኒት አለው፤ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲል ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ይለዋወጣል፤ ዓይን ካላየ አፍ ሊቀድም አይችልም። ከዚያ በኋላ የዮሐንስ መልእክት ይነበባል። ይህ ቅደም ተከተል መንሱራ ላይም እንዳለ ይሠራል።

ሒሳብና እንግሊዝኛን የአገሩ ትምህርት ቤት የሚሰጣቸው ከሆነ ቤት ውስጥ አትድገሟቸው።

ዓርብ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተራ በተራ ያስተናግድ። ቀኑ የጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ወጥ ይበቃል፤ ባለተራዋ በድግስ አትደክምም። አንዱ ወላጅ የመጪውን እሑድ ወንጌል ከግጻዌው አውጥቶ ያነባል፤ ልጆቹ ታሪኩን በራሳቸው አማርኛ መልሰው ይናገራሉ። ሌላው የአንድ ቅዱስ ሕይወት ይተርካል። እኔ በብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እጀምር ነበር። ጎጃም ተወልደው፣ ከገዳም ገዳም እውቀት ሲፈልጉ ኖረው፣ በኋላ ከአቡነ ያዕቆብ ዴ ያቆቢስ ጋር ሆነው ለአገሬው ሰው የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ያዘጋጁ መነኩሴ ናቸው፤ ስለ እምነታቸው ታስረው እ.ኤ.አ. በ1855 አረፉ። ታላላቆቹ ልጆች ጎንደርን፣ አድዋንና ኢየሩሳሌምን ካርታ ላይ እየፈለጉ ጉዟቸውን ቢከተሉ ጂኦግራፊውንም በዚያው ይማራሉ።

ቅዳሜን ባዶ ተዉት። ሕፃን የታመመበት ወይም መብራት የጠፋበት ቀን ትምህርት የሚካካሰው ያን ዕለት ነው።