የለማዳ እንስሳት የዘር ሐረግ፦ ከአጥንት የተነበበው ታሪክ

ሰው በሬን፣ ፍየልን፣ ፈረስን ከዱር አውጥቶ ያላመደው የትና መቼ ነው? መልሱ ለረጅም ጊዜ ሲፈለግ የኖረው በቁፋሮ በተገኘ አጥንት ቅርጽና ዛሬ በሕይወት ባሉ እንስሳት ደም ውስጥ ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ኩዋጋ ከተባለውና ዘሩ ከጠፋው የሜዳ አህያ፣ በሙዚየም ከተቀመጠ ቆዳው ላይ፣ ዲኤንኤ ተገኘ፤ ሌላ በር ተከፈተ።

ሥራው አድካሚ ነው። እንስሳው ከሞተ በኋላ ዲኤንኤው ይበጣጠሳል፣ ጫፍ ጫፉ ላይም ሳይቶሲን የተባለው የዲኤንኤ ፊደል ታይሚን የተባለውን ሌላ ፊደል ሆኖ ይነበባል። ደግነቱ ይኸው ጉዳት የዕድሜ ምስክር ነው፤ ከቆፋሪው እጅ የገባ አዲስ ዲኤንኤ ይህ ምልክት የለውም። ተመራጩ ናሙና የውስጥ ጆሮን የሚያቅፈው ድፍን አጥንት ነው።

የታመነውን ታሪክ ክፉኛ ያናጋው የፈረስ ጥናት ነው። ከ5,500 ዓመት ገደማ በፊት በሰሜን ካዛኪስታን፣ ቦታይ በተባለ ስፍራ፣ ሰዎች ከፈረስ ጋር ይኖሩ ነበር፤ የዛሬው ፈረስ አባትም የቦታይ ፈረስ ነው ሲባል ቆየ። በ2018 ግን የቦታይ ዝርያ የተገኘው በሞንጎሊያው የፕርዠቫልስኪ ፈረስ ውስጥ ሆነ። በ2021 የ273 ጥንታዊ ፈረሶች ጂኖም ሲነጻጸር፣ የዛሬው ፈረስ ምንጭ በታችኛው ቮልጋና ዶን ወንዞች አካባቢ መሆኑ ታወቀ፤ ከዚያ ተነሥቶ የተስፋፋው ከ4,200 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በሕይወት ያሉትን ፈረሶች ብቻ በመመርመር እዚህ መድረስ ባልተቻለ ነበር።

አሳማም እንዲሁ ነው፤ ከመካከለኛው ምሥራቅ ከገበሬዎች ጋር አውሮፓ ገባ፣ ከአገሩ የዱር አሳማ ጋር እየተዳቀለም የመጀመሪያ ዘሩን አጥቶት ሊጨርስ ምንም አልቀረው።

በ2019 የታተመው የከብት ጥናት ደግሞ ከ4,200 ዓመት ገደማ በፊት፣ ከባድ ድርቅ በነበረበት ዘመን፣ ባለሻኛው የኢንደስ ሸለቆ ዘር በመካከለኛው ምሥራቅ መንጋዎች ውስጥ በፍጥነት መግባቱን አሳየ። የገባውም በአብዛኛው በኮርማዎች በኩል ነው። የአፍሪካ ባለሻኛ ከብቶችም በእናት በኩል የሚወርዱት ሻኛ ከሌለው ወገን ነው።

አህያ የእኛው አካባቢ ጉዳይ ነው። በ2022 የወጣ ጥናት አህያ አንድ ጊዜ፣ በምሥራቅ አፍሪካ፣ ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደተላመደ አመለከተ። ችግሩ ሙቀት ዲኤንኤን ስለሚያጠፋ ከአፍሪካ የሚገኘው ጥንታዊ የእንስሳት ናሙና ጥቂት መሆኑ ነው። ሆኖም በጋሞ ደጋ፣ ሞታ ዋሻ ውስጥ ከተቀበረ ሰው የ4,500 ዓመት ጂኖም ተነቧል። እኔ ተስፋ የማደርገው በእንዲህ ያሉ ቀዝቃዛ የደጋ ዋሻዎች ላይ ነው፤ በዚያ የሚወጣ የአህያና የከብት የጆሮ አጥንትም እንደ ሰው አጥንት ተለቅሞ ሊቀመጥ ይገባል።