ቁጥር በዐይን ሲታይ፣ በእጅ ሲዳሰስ

አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን ከአንድ እስከ አሥር ሳይሳሳት ሲጠራ ብንሰማ «ቁጥር ዐወቀ» እንላለን። ሰባት ፍሬ ባቄላ አስቆጥረን «ታዲያ ስንት ናቸው?» ብንለው ግን ብዙውን ጊዜ መልሶ ከአንድ ይጀምራል። በመጨረሻ የጠራው ቃል የጠቅላላው ብዛት መጠሪያ መሆኑን ገና አልተገነዘበም። የቁጥርን ስም በቃል መያዝና ብዛትን መረዳት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ሁለተኛው፣ ማለትም የቁጥር ግንዛቤ፣ ሳይዳብር ትምህርት ቤት የገባ ልጅ መደመርና መቀነስ ትርጉም የሌለው ሽምደዳ ሊሆኑበት ይችላሉ።

ለመሆኑ ሳንቆጥር ብዛትን ማወቅ የምንችለው እስከ ስንት ነው? እንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስና የሎጂክ ሊቅ ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ በራሱ ላይ ፈትኗል። ባቄላ ወደ ሣጥን እየወረወረ ብዛቱን በአንድ እይታ ይገምት ነበር። ከ1000 በላይ ሙከራዎች ሲያደርግ፣ ፍሬዎቹ ሦስት ወይም አራት ሲሆኑ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ከአምስት ጀምሮ ግን ስሕተት ብቅ አለ፤ ብዛቱ ሲጨምርም ስሕተቱ እየበረከተ ሄደ።

ለሕፃናት የሚዘጋጁ የቁጥር መሣሪያዎች ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ወሰን ላይ ነው። ዐይን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ፣ ብዙውን በጥቂት ክፍሎች አደራጅተው ያቀርቡለታል። ለምሳሌ በወረቀት ላይ አምስት አምስት ቤት ያላቸው ሁለት ረድፎች እንሥራ። ሰባት ጠጠር ብንደረድርበት አንደኛው ረድፍ ይሞላል፤ ከሁለተኛው ደግሞ ሁለት ቤት ይያዛል። ሕፃኑ ሰባት ማለት አምስትና ሁለት መሆኑን ያያል፤ ባዶ የቀሩት ሦስት ቤቶችም አሥር ለመሙላት የጎደለውን ያሳዩታል። ተበታትነው የተቀመጡ ሰባት ጠጠሮች ይህን አያሳዩም።

እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ አጋዥ ነው። «አሥራ ሦስት» የሚለው ስም አሥርንና ሦስትን በግልጽ ይዟል። አንድ ሙሉ ሰንጠረዥና በሌላው ላይ ሦስት ጠጠር የተመለከተ ልጅ፣ በጆሮው የሰማውን በዐይኑ ያረጋግጣል።

የቁጥሮችን ቅደም ተከተልና ርቀት ለማስጨበጥ ደግሞ የመስመር ጨዋታ ይጠቅማል። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የመጡ የቅድመ መደበኛ ሕፃናትን ከ1 እስከ 10 በተከታታይ በተጻፈባቸው እኩል ቤቶች ላይ አጫወቱ። ሕፃናቱ ጠጠራቸውን ሲያንቀሳቅሱ የየቤቱን ቁጥር ይጠሩ ነበር። በጠቅላላው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ከተጫወቱ በኋላ፣ ቁጥሮችን የማነጻጸርና በመስመር ላይ ቦታቸውን የመገመት ችሎታቸው ተሻሻለ። በቁጥር ምትክ ቀለም እየጠሩ የተጫወቱት ግን ይህን መሻሻል አላሳዩም። ምክንያቱ እንዲህ ይብራራል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን እጅ የሚጓዘው ርቀት፣ የሚጠሩት ቃላትና የሚወስደው ጊዜ አብረው ስለሚጨምሩ፣ ብዛት ለሕፃኑ በብዙ መንገድ ይገለጥለታል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው በራሱ ዕውቀት አይደለም። እጅግ ያሸበረቀ ሲሆን ሕፃኑ ብዛቱን ትቶ በመልኩ ሊጠመድ ይችላል። ስለዚህ ጠጠሩ ቀስ በቀስ በሥዕል፣ ሥዕሉም በምልክት መተካት አለበት። ልጁ ወረቀቱን ከሸፈንንበት በኋላ «ሰባት አሥር ለመሆን ሦስት ይጎድለዋል» ካለ፣ ሰንጠረዡ ወደ አእምሮው ገብቷል ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት፣ አንድ እፍኝ ባቄላና አብሮት የሚጫወት ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ነው።