ከፍ ያለ ኪራይ ወይስ የሚቆይ ተከራይ? በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቤት ለሚያከራዩ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቤት የሚያከራየው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባለ ፎቅ ባለሀብት አይደለም። ዋናውን ቤት ለራሱ ይዞ ከጓሮ የሠራቸውን ሁለት ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች የሚያከራይ ሠራተኛ ወይም ጡረተኛ፣ አለዚያም በኪራይ ገቢ ልጆቿን የምታስተምር እናት ናት። ተከራዩም የአዲስ አበባ ኪራይ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ወደ ዳር የወጣ ሰው ነው። ጠዋት ከሰበታ በዓለም ገና ወደ አየር ጤና፣ ከቡራዩ ወደ አስኮ፣ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ በታክሲ ይመላለሳል፤ ወይም እዚያው አካባቢ ባለ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። ሁለቱም ከወር እስከ ወር የሚኖሩ በመሆናቸው በመካከላቸው የሚነሳ ትንሽ አለመግባባት ሁለቱንም ይጎዳል። አነስተኛውን አከራይ ይበልጥ የሚያከስረው ግን ዝቅ ያለ ኪራይ ሳይሆን ባዶውን የሚያድር ክፍልና ያልተጻፈ ስምምነት ነው። ይህንን ደረጃ በደረጃ እንመልከተው።

ከሒሳቡ እንነሳ። አንድ ክፍል በወር 4,000 ብር ይከራያል እንበል። አከራዩ 500 ብር ሲጨምር ተከራዩ አቅቶት ለቀቀና ክፍሉ አንድ ወር ብቻ ባዶ ቆየ። የቀረችውን 4,000 ብር ለመመለስ አዲሱ ተከራይ ጭማሪውን ስምንት ወር መክፈል አለበት። የደላላው ኮሚሽን፣ የቀለሙና የቁልፉ ወጪ ሲታከልበት ዓመቱ የሚያልቀው ያለ ትርፍ ነው። በእነዚህ ከተሞች ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ተከራዩ የመጣው ኪራዩ ስለቀነሰለት ነው፤ በየቀኑ ግን የታክሲ ሒሳብ ይከፍላል። ኪራዩና ትራንስፖርቱ ተደምረው ከአዲስ አበባ ዋጋ ጋር ከተቀራረቡ ርቆ የሚኖርበት ምክንያት አይኖረውም። ስለዚህ ዋጋ ከመጨመር በፊት የጎረቤትን ኪራይ ብቻ ሳይሆን የተከራዩንም የወር ትራንስፖርት መቁጠር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ውል ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘቱ ተከልክሎ ነበር። ለዓመታት የቆየው ይህ መቋረጥ የግል ኪራይ ልማዳችንን ያሳሳው ይመስለኛል፤ የግል ኪራይ ሲመለስም ብዙው በቃል፣ በትውውቅና በደላላ የሚፈጸም ሆነ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው አባባል ከዚህ የተሻለ ቦታ የለውም።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን ልማድ ለመለወጥ የወጣ ነው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ዘዴ እንዲከፈል ያዛል። ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ይሆናል። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ስለተጠቃለሉ አከራዩ ምን እንደሚመለከተው ከክፍለ ከተማው ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት። ግዴታው ባይመለከተው እንኳ የጽሑፍ ውልና የባንክ ክፍያ ከሁሉ በፊት የሚጠቅሙት ራሱን ነው።

ጥሩ ውል ረጅም መሆን የለበትም። የሁለቱ ወገኖች ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ የተከራየው ክፍል፣ የኪራዩ መጠንና የሚከፈልበት ቀን፣ ቅድሚያ ክፍያው፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ አከፋፈል፣ ለመልቀቅ አስቀድሞ የሚነገርበት ጊዜ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይኑርበት። የርክክቡ ሁኔታም ይጻፍ፦ ስንት ቁልፍ ተሰጠ፣ የትኛው መስታወት ተሰንጥቋል፣ የትኛው ሶኬት አይሠራም። በስልክ የተነሳ ፎቶ ቢያያዝበት ሲለቀቅ የሚነሳውን ክርክር ያስቀራል። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ውሉን በአፋን ኦሮሞም ማዘጋጀት ኋላ የትርጉም ወጪንና ጊዜን ያድናል። ዋናው ነገር ሁለቱም ወገኖች የፈረሙበትን መረዳታቸው ነው።

በአንድ ግቢ ውስጥ ጠብ የሚነሳው ከኪራዩ ይልቅ በመብራት ሒሳብ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል፤ ዝቅተኛው እርከን እስከ 50፣ ከፍተኛው ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ለየብቻቸው ቢሆኑ በዝቅተኛው እርከን የሚከፍሉት ሰዎች በድምር ወደ ላይኛው ይገባሉ። በክፍል ማካፈል ደግሞ አንድ አምፖል የሚያበራውን ላጤና እንጀራ የሚጋግረውን ቤተሰብ እኩል ያስከፍላል። ለየክፍሉ አነስተኛ ቆጣሪ ማስገባት ወጪ ቢኖረውም የግቢውን ሰላም ይገዛል። ይህ ካልተቻለ የምጣድ ቀንና ድርሻው በውሉ ይወሰን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ማስቀመጥ፣ ጣሪያና የቦይ ውሃ ማፍሰሻን ክረምት ሳይገባ በግንቦት ማየት ተከራይን ያቆያል። በተለይ ብርድና እርጥበት በሚጸናበት ሱሉልታ የሚያፈስ ክፍል ተከራይ አይበረክትለትም።

ኪራይ ሲዘገይስ? መጀመሪያ የክፍያው ቀን ከተከራዩ የደመወዝ ቀን ጋር መጣጣሙ ይታይ፤ ደመወዙን በ30 የሚቀበል ሰው በ25 ክፈል ቢባል ሁልጊዜ ባለዕዳ ሆኖ ይታያል። በምክንያት የዘገየን በንግግር ማስተካከል ይቻላል። መዘግየቱ ከተደጋገመ ግን ቀን ያለበት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ቅጂው ይቀመጥ፤ ካልሆነም ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ። ቁልፍ መቀየር፣ መብራት መቁረጥ፣ ዕቃ ማውጣት ግን ባለዕዳውን ተከራይ ከሳሽ፣ ባለመብቱን አከራይ ተከሳሽ ያደርጋል።

ግብርም አይዘንጋ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልሉ ውስጥ ካሉ የግል ቤቶች የሚገኘውን ገቢ ግብር የሚጥለውና የሚሰበስበው ክልሉ ነው። ውልና የባንክ ማስረጃ የሌለው አከራይ ገቢው በግምት ሲወሰንበት የሚከራከርበት ሰነድ አይኖረውም። የጥገና ደረሰኞችንም በአንድ ማኅደር ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

በመጨረሻ የይዞታ ጉዳይ አለ። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ሕጋዊ ሰነድ የላቸውም የተባሉ በርካታ ቤቶች ፈርሰዋል። ቤት ሲፈርስ ተከራዩም አብሮ ይፈናቀላል። ካርታው ያላለቀ አከራይ ይህን ለተከራዩ በግልጽ ሊነግረውና የብዙ ወራት ቅድሚያ ክፍያ ከመቀበል ሊቆጠብ ይገባል፤ ሳይነግር ገንዘብ መቀበል በሰው ጉዳት ማትረፍ ነው።

ክፍላችሁን በቃል ስምምነት ብቻ ያከራያችሁ ሁሉ ከሚቀጥለው የኪራይ ቀን በፊት ከተከራያችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ውሉን ጻፉ፤ አንዱን ቅጂም ለእሱ ስጡት።