ቀለም የሚይዘው ከሥሩ ነው



ዛሬ የምናነበው ስለ ሞተር ሳይክል ፕላስቲክ አቀባብ ነው። «እኛ ሞተር የለን፤ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ቆዩማ! ቀለምና ቲነር ሞተር በሌለው ቤትም ይገባል። በር ይቀባል፤ መስኮት ይቀባል፤ አልጋ ይቀባል። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው።

ደብረ ወርቅ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ዛሬ በከተማዋና በዙሪያዋ ባጃጁም ሞተሩም ይመላለሳል። ሞተር መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ይደርሳል። የታመመ ያደርሳል፤ ዕቃ ያመላልሳል። የሞተሩ ብረት ቶሎ አይጎዳም። ቶሎ የሚያረጀው ጎንና ጎኑን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ነው።

ለምን ያረጃል? አንደኛው ምክንያት ፀሐይ ናት። የደጋ ፀሐይ ብርድ ስላለ የዋህ ትመስላለች። ነገር ግን አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር ጨረሯ ይበረታል። ጨረሩ የፕላስቲኩን ፊት ያደርቃል። ቀለሙ ይነጣል፤ ቆይቶም ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ጠጠሩ ይቧጭረዋል።

አሁን ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከተማሪዎቻችን አንዱ ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው በሞተር ሰው ያመላልሳል። የሞተሩ ቀለም ነጥቶ ስለ ነበር ልጁ ቀለምና ቲነር ገዛ። «ማታ እንቀባዋለን፤ ና አግዘኝ» አለኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝና «አላውቅም» ማለት አፈርሁ። ፕላስቲኩን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረግንና እቤት ውስጥ ቀባነው። ኩራዙን የያዝሁት እኔ ነበርሁ።

ሲነጋ ሞተሩ አበራ። ሰው ሁሉ አደነቀን። ሳምንት ሳይሞላ ግን ዝናብ መታው፤ ልጁም አጠበው። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጦ ወደቀ። ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ቀረ።

ነገሩን በክፍል ውስጥ አነሣሁት። «ቀለሙ ለምን ለቀቀ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና፣ «አዬ የኔ ልጅ! የታሰሰ ምጣድ እንጀራ ይለቃል እንጂ ይይዛል እንዴ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሰስ ቅባቱ እንጀራው እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ሞተርም ዘይት፣ ቅባትና የእጅ ወዝ አለበት። ቀለሙ የተቀመጠው በቅባቱ ላይ እንጂ በፕላስቲኩ ላይ አልነበረም።

ሌላ ተማሪ ደግሞ፣ «ምርጊትስ ቢሆን በለሰለሰ ድንጋይ ላይ መች ይይዛል? የሚጨብጠው ሻካራ ይፈልጋል» አሉ። ይኸም እውነት ነው። ቀለም ሁለት ነገር ይሻል። ከቅባት የጠራ ገጽ ይሻል። የሚጨብጠው ሻካራም ይሻል። እንግዲህ ሁለተኛ ጊዜ የሠራነው እንዲህ ነው።

1. መፍታት። ፕላስቲኩን ከሞተሩ ላይ ፈትታችሁ አውጡ። ብሎኖቹን እንዳይጠፉ በአንድ ጣሳ አኑሩ።

2. ማጠብ። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ደኅና አድርጋችሁ እጠቡ። በንጹሕ ውኃ አለቅልቁና አድርቁ። ቤንዚን ለማጠቢያ አይሆንም። እሳት ይስባል፤ ቅባትም ይተዋል።

3. መፈግፈግ። ቁጥር 400 ወይም 600 የሆነ ብርጭቆ ወረቀት ግዙ። ቁጥሩ ከበስተጀርባው ተጽፏል፤ አንብቡት። ውኃ እየነከራችሁ በቀስታ ፈግፍጉ። የፊቱ ንጣት ሄዶ ደብዘዝ እስኪል ድረስ ነው። ከዚያ አጥባችሁ አድርቁ። ከደረቀ በኋላ ፊቱን በባዶ እጅ አትንኩ። እጅ ወዝ አለው።

በደረቁ አትፈግፍጉ። አንዳንድ አሮጌ ቀለም እርሳስ የሚባል ብረት አለበት። የምትጽፉበት እርሳስ ስሙ እንጂ ይህ ብረት የለበትም። ብረቱ በአቧራ መልክ ወደ ልጅ ሆድ ሲገባ አእምሮውን ይጎዳል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 በአገራችን በወጣው ደንብ መሠረት፣ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ መብለጥ የለበትም። ከዚያ በፊት የተቀባውን ግን ማን ያውቃል? ስለዚህ በውኃ ፈግፍጉ።

4. መሞከር። ከፕላስቲኩ በስተጀርባ የፈረንጅ ፊደል ታትሞ ይገኛል። ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆቻችሁን አስነብቡ። «ኤ ቢ ኤስ» የሚል ከሆነ ቀለም በደኅና ይይዛል። «ፒ ፒ» የሚል ከሆነ ግን ሰም ሰም የሚል ፕላስቲክ ነው። ለእሱ ተብሎ የተሠራ ማያያዣ አስቀድሞ ካልተቀባ ቀለም አይቀበልም። ኃይለኛ ቲነር ደግሞ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል፤ ወይም ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ጥቂት ቀብታችሁ እዩ።

5. መቀባት። መጀመሪያ ለፕላስቲክ የሚሆን ፕራይመር ይቀባል። ፕራይመር ለቀለም መሠረቱ ነው። እሱ ሲደርቅ ቀለሙ ይከተላል። ስፕሬይ ከሆነ ጣሳውን ደኅና አድርጋችሁ ነቅንቁ። ከአንድ ስንዝር ተኩል ገደማ ርቃችሁ እጃችሁን ሳታቆሙ ንፉ። አንድ ጊዜ አወፍራለሁ ያለ ሰው ቀለሙ እንደ እንባ ይወርድበታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። በመካከሉ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ያህል ጊዜ ጠብቁ። በመጨረሻ ፀሐይ የሚከላከል ቫርኒሽ ቢደረብበት ዕድሜው ይረዝማል።

6. ማድረቅ። ዝናብና ጭጋግ ባለበት ቀን አትቀቡ። እርጥበት ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ነፋስ ሳይበረታ፣ በደረቅ ቀን፣ በጥላ ሥር ይሻላል። ይድረቅልኝ ብላችሁ እሳት አታስጠጉ። ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም እስኪጠነክር አንድ ሳምንት ያህል አትጠቡት።

ሥራው እንግዲህ ይኸው ነው። ልብ በሉ! ከስድስቱ አራቱ ከቀለሙ በፊት የሚሠሩ ናቸው።

አሁን ከቀለም ወደሚበልጠው ነገር እንምጣ። ያ ኩራዝ ትዝ ይላችኋል? ያን ማታ እሳት ሳይነሣ የቀረው በዕድል ነው። የቲነር እንፋሎት ዓይን አያየውም። ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ምድጃ ሲደርስ ይያያዝና ነበልባሉ ወደ ጣሳው ይመለሳል። ጎጆ ደግሞ ሣርና እንጨት ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ አትቀቡ። ደጅ፣ ከምድጃ ርቃችሁ፣ ኩራዝና ሲጋራ ሳይኖር ቀቡ።

እንፋሎቱ ራስ ያዞራል፤ ሳንባም ይጎዳል። አፍን በነጠላ መሸፈን ብናኙን ይቀንስ ይሆናል፤ እንፋሎቱን ግን አያግደውም። ነፋሱ ከጀርባችሁ እንዲመጣ ቁሙ። ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ይራቁ። የተረፈውን ወደ ምንጭና ወንዝ አትድፉ።

ሌላም አለ። ልጁ የተረፈውን ቲነር ሃይላንድ በምንለው የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ገልብጦ ከአልጋ ሥር አኑሮት ነበር። ቲነር እንደ ውኃ የጠራ ነው። የአባትየው የልጅ ልጅ ከጨዋታ ተጠምታ መጣች። ጠርሙሱን አንሥታ ስትከፍት አያቷ ደረሱና ከእጇ ነጠቋት። አልቀመሰችውም፤ ተመስገን!

ልጅ ቲነር ቢጠጣ ምን ይደረጋል? እንዲያስመልሰው አታድርጉ። ሲያስመልስ ወደ ሳንባ ይገባና ይብሳል። ላስመልሰው ብላችሁም ወተት ወይም ቅቤ አታጠጡት። ጠርሙሱን ይዛችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሐኪሙ የጠጣውን ነገር ማወቅ አለበት።

ሁለት ምክር ልጨምር። ሄልሜት፣ ማለት የራስ መከላከያውን ቆብ፣ አትቀቡ። የቀለሙ ቲነር ቆቡን ያደክመዋል። ላዩ አምሮ በአደጋ ቀን ራስን ላያድን ይችላል። ደግሞም የሞተሩን ቀለም ጨርሶ ከመለወጣችሁ በፊት ሊብሬውን አንብቡ። ቀለሙ እዚያ ተጽፎ ከሆነ አስቀድማችሁ የትራንስፖርት ቢሮውን ጠይቁ።

ሞተሩ ዛሬ ደኅና ነው። ዝናብም መታው፤ ልጁም ደጋግሞ አጠበው፤ ቀለሙ አልለቀቀም። እኔን ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው። አባትየው ቲነሩን ወደ ራሱ ጣሳ መለሱት። ወረቀት ቆርጠው በገዛ እጃቸው ጻፉና ለጠፉበት። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ ጥቂት ያዘነብላል። እንዲህ ይላል፦

«መርዝ ነው። አይጠጣም። እሳት አይጠጋውም።»

ከዚያ በቁልፍ በሚዘጋ ሣጥን ውስጥ ከተቱት። «የልጅ ልጄ ገና አላነበበችም፤ እስክታነብ ቁልፉ ይጠብቃታል» አሉኝ።

እናንተስ? ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ከአልጋ ሥርና ከመደብ ላይ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ እዩ። ቲነር፣ ነጭ ጋዝ ወይም የተባይ መድኃኒት በሃይላንድ ተቀምጦ ከሆነ አውጡት። ስሙን ጽፋችሁ ቆልፉበት።

ጥያቄዎች
1. የመጀመሪያው ቀለም ለምን ተላጠ?
2. ቀለም ቤት ውስጥ የማይቀባው ለምንድን ነው?
3. በቲነር ጣሳ ላይ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ? በደብተራችሁ ጻፉት።