የሕፃናት ፍራሽ ልብስ የሚያስመጡ መለያውን ሊያጤኑ ይገባል

የሕፃን የሽንት ጨርቅ መቀየሪያ ፍራሽ ልብስ የሚያስመጣ ነጋዴ «መቶ በመቶ ጥጥ» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይቶ መግዛት የለበትም። ጽሑፉ የክሩን ዓይነት እንጂ ጨርቁ የተነከረበትን ኬሚካል አይገልጽም። ጥጥ እንዳይጨማደድ ከሚያደርጉት ኬሚካሎች ፎርማልዲሃይድ የሚለቁ ያሉ ሲሆን፣ ይህም ቆዳን ያስቆጣል።

ከቻይና ለሚገዛ ሰው መለኪያው «ጂቢ 18401» የተባለው የአገሪቱ አስገዳጅ ደረጃ ነው። በዚህ መሠረት የሕፃናት ጨርቅ ምድብ «ኤ» ሲሆን፣ ፎርማልዲሃይዱ በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ቆዳ ለሚነካው ምድብ «ቢ» እስከ 75፣ ቆዳ ለማይነካው ምድብ «ሲ» እስከ 300 ይፈቀዳል። በመሆኑም በርካሽ የተገኘ የ«ሲ» ጨርቅ ለሕፃን ከተፈቀደው እስከ 15 እጥፍ ሊይዝ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ውኃ የማያሳልፈው የጀርባ ልባጥ ነው። ፒቪሲ ከሆነ ማለስለሻው ፍታሌት ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ በሕፃናት መገልገያዎች ላይ የተወሰኑ ፍታሌቶች ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጡ ከልክሏል። ፖሊዩሬቴን የተለበጠው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ማለስለሻ አይፈልግም።

ሻጩ «ኦኮቴክስ ስታንዳርድ 100» አለኝ ካለ፣ የምስክር ወረቀቱ እስከ 3 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት የተመደበው የምርት ምድብ 1 መሆኑ ይታይ። ልባጡም በምርመራው መካተቱ ይጠየቅ። የወረቀቱን ቁጥርና የአገልግሎት ዘመን በድርጅቱ ድረ ገጽ ማጣራት ይቻላል። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ሲደረግ ነው።