አሮጌው ዴስክቶፕ ምን ቢጨመርለት ይሠራል?

ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጥሊሊ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ መቀመጫ ናት። እንደ ሌሎች የወረዳ ከተሞች ሁሉ በመሥሪያ ቤትም፣ በትምህርት ቤትም፣ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤትም ብዙ ሥራ የሚያልፈው በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። አዲስ መግዛት ለበጀትም ለኪስም ይከብዳል። ስለዚህ «አርጅቷል፣ ይቀየር» ከመባሉ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፤ ያረጀው የትኛው ክፍሉ ነው?

ጥያቄው አሁን የጠነከረው በሶፍትዌሩ ምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ክሮምም ከ109ኛው እትም በኋላ ዊንዶውስ 7ን ትቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት መሣሪያ፣ ከኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ትውልዱ ከስሙ ይታወቃል፤ «ኮር አይ5-4590» የሚል ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 4 ቁጥር አራተኛ ትውልድ መሆኑን ይነግረናል።

አራተኛ ትውልድ ሆነ ማለት ግን አበቃለት ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ማሽኑን የሚያንቀራፍፈው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ሃርድ ዲስኩ ነው። በውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና መረጃ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ አለ። በእሱ ፋንታ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ሲገባ፣ ለመነሣት ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው ኮምፒውተር በሰከንዶች ይነሣል። ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ገመድ ያው የነበረው ነው። ኤስኤስዲው ግን ከዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ስለሚያንስ መያዣ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ራም ነው። እዚህ ላይ ዓይነቱን አለመለየት ገንዘብ ያስከስራል። ዲዲአር2፣ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በጠርዛቸው ላይ ያለው ቆረጥ ያለ ክፍተት ቦታው ይለያያል። እንቢ ካለ በጉልበት መጫን ማዘርቦርዱን ይሰብራል። የሚሻለው መብራቱን ነቅሎ፣ የሳጥኑን ብረት በእጅ ነክቶ፣ ነባሩን ራም አውጥቶ ለሻጩ ማሳየት ነው። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተር 8 ጊጋባይት ቢገባለትም ከ4 በላይ እንደማይጠቀም አይዘንጋ፤ ባለ 64 ቢቱ መጫን አለበት።

ሳጥኑ ከተከፈተ አይቀር ሳንቲም የምታክለውን ባትሪ ማየት ይገባል። ሲአር2032 ትባላለች። ስትደክም ኮምፒውተሩ በተነቀለ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ ድረ ገጾች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። ሰው ኢንተርኔቱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የባትሪዋ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጥንቃቄ የሚሻው አዲስ ዊንዶውስ ለመጫን ዲስኩን ፎርማት ከማድረግ በፊት ያለው ሥራ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የጋራ የፊደላት መለያ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዊንዶውስ ራሱ ኒያላ ከተባለው ፎንት ጋር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 በቪስታ ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ፣ የአማርኛ ጽሑፍ የሚጻፈው የፊደላችንን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ የቀድሞ ፎንቶች እንዲህ ያሉ ናቸው። አዲሱ ዊንዶውስ እነዚያን ፎንቶች ካላገኘ ቃለ ጉባኤውም የፈተና ወረቀቱም የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይከፈታል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያነብለት ፎንት ነው የጠፋው። ስለዚህ ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ፎንቶቹንም አብሮ ማስቀመጥ፣ ዋና ዋናዎቹን ወደ ፒዲኤፍ ማውጣት፣ ቀስ በቀስም በመቀየሪያ ሶፍትዌር ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ያስፈልጋል። ሳጥኑ ይተካል፤ የሃያ ዓመት መዝገብ ግን አይተካም።

ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ማሽን ሊኑክስ ሚንትን ሊቀበል ይችላል። በነፃ ይገኛል፤ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለ እትሙ በ4 ጊጋባይት ራም ይሠራል። ሊብሬኦፊስ የዎርድ ፋይል ይከፍታል፤ አማርኛውን ኪይማን በተባለው የመጻፊያ ሶፍትዌር መጻፍ ይቻላል። ለዊንዶውስ ብቻ በተሠራ የሒሳብ ወይም የመዝገብ ሶፍትዌር ለሚሠራ ክፍል ግን አይሆንም፤ ያ መጀመሪያ ይጣራ።

ገንዘብ የማይወጣበትም ማሽን አለ። ማዘርቦርዱ የዲዲአር2 ከሆነ፣ ወይም መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ፓወር ሰፕላዩ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ሰነዱን አትርፎ ማሰናበት ይሻላል። ኤስኤስዲ የገባለት ሌላው ማሽን ግን ለተማሪ መለማመጃም ለደብዳቤ መጻፊያም ገና ብዙ ያገለግላል። የንብረት ክፍል ኃላፊዎች «ከአገልግሎት ውጭ» የሚለውን ቅጽ ከመፈረማቸው በፊት ዲስኩን፣ ራሙንና ባትሪውን ያስፈትሹ።